ሰኔ ላይ የመጣ ሹመት

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ደብዳቤዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ይቅርታ። ለማንም ዘርዝሬ አውርቼው ስለማላውቅ ነው።

የምሠራው መንገድ በሚያሠራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። ባለትዳርና የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ጀምሮ ሌላ ቦታ ሠርቼ አላውቅም። በጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ገብቼ አሁን የክፍያ ቡድን መሪ ሆኛለሁ። ተቋራጮች «ይህን ያህል ሠርተናል» ብለው የሚያቀርቡት የክፍያ ሰርተፊኬት መጨረሻ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አማካሪ መሐንዲሱ ፈርሟል ወይ? የቅድሚያ ክፍያው ተቀንሷል ወይ? የባንክ ዋስትናው ጊዜው አላለፈም ወይ? ታክሱ ተይዟል ወይ? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳይ ነው የምውለው።

ባለፈው ወር የፋይናንስ ዳይሬክተራችን በድንገት ተነሡ። ምክንያቱ በይፋ አልተነገረም። የኦዲት ግኝት እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ የመጣ ያልተወራረደ ሒሳብ አለ። ሰነዱ ያልተሟላ ክፍያም አለ። አንዳንዱ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረ ነው። አንድ ቀን ምክትል ዋና ዳይሬክተሩ ጠርተውኝ «ከሰኔ 1 ጀምሮ በተጠባባቂነት ያዢው፤ ሹመቱ ኋላ ይመጣል» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ቦጭ አለ። ርክክቡስ ብዬ ስጠይቃቸው «እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ብለው ስልካቸውን አነሡ።

በዚያው ሳምንት የአንድ ተቋራጭ ድርጅት ባለቤት ደወሉልኝ። ለዓመታት በሰነዳቸው የማውቃቸው ሰው ናቸው። «የፋይናንስ ኃላፊ እንፈልጋለን፤ ካንቺ የተሻለ አናገኝም» አሉኝ። የጠሩልኝ ደሞዝ የአሁኑን ሦስት እጥፍ ነው፤ መኪናም አለው። ችግሩ፣ ድርጅታቸው ያቀረበው ትልቅ የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ አሁን እኔ እጅ ላይ ነው።

ባለቤቴ «ምኑን ታስቢዋለሽ? ሂጂ እንጂ!» ይላል። አልፈርድበትም። የልጆቹ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ይጨምራል፤ እሱም የግል ሥራ ስለሚሠራ ገቢው አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም። አንድ ቀን ማታ ግን እየሳቀ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለኝ። ቀልዴን ነው አለ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ ደግሞ «የመንግሥት እንጀራ ቀጭን ነው፣ ግን አይነጥፍም፤ ጡረታሽን እንዳትጥይ» ትለኛለች።

ድካምም አለብኝ። ክፍያ ሲዘገይ «ሻይ ፈልገው ነው» እንባላለን። ቶሎ ሲደርስ «በልተው ነው» እንባላለን። መንገዱ ሲመረቅ ሪባኑ አጠገብ የሚቆሙት ሌሎች ናቸው።

ከሁለት ያጣ እንዳልሆን ፈራሁ። ልሾም ወይስ ልሂድ?

ፊርማዬ ያስፈራኝ፣ ከአዲስ አበባ

ጭማሪ፦ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥረዋል። ልንገራቸው?

• • •

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነበው መጀመሪያ ያስተዋልኩት ስለ ደሞዙ የጻፍሽው ጥቂት መሆኑን ነው። ሦስት እጥፍ ደሞዝና መኪና በአንድ መስመር አለፍሻቸው። ያልተወራረደው ሒሳብና ርክክቡ ላይ ስትደርሺ ግን ብዕርሽ ቆመ። ለራስሽ ያወጣሽው ስም ሳይቀር ስለ ፊርማ ነው። እስቲ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዳይሬክተርነቱን አልችለውም ብለሽ ነው የፈራሽው? ወይስ ሌላ ሰው ያቦካውን በስምሽ ልትረከቢ መሆኑ ነው እንቅልፍ የነሣሽ?

ሁለተኛው ይመስለኛል። ፍርሃቱም ሥራውን ከማወቅ የመጣ ነው። ሒሳብ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን «እሺ» ብሎ ለወዳጆቹ ይደዋውል ነበር።

የተቋራጩን ጥሪ አስቀድመን እንየው፤ እሱ ላይ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው። አሁን አትቀበዪው። ሰውየው ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ጥሩ የሒሳብ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ የአንቺን ሥራ ደግሞ ለዓመታት በወረቀት ላይ አይተውታል። ምናልባት ከልባቸው ነው። የተቋራጩም ጭንቅ ሊገባን ይገባል። ብዙ ትልልቅ የመንገድ ውሎች የሚመሩበት የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የውል ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው እትም፣ ተቋራጩ ሒሳቡን ለመሐንዲሱ ካቀረበ በ56 ቀን ውስጥ ይከፈለው ይላል፤ ካለፈ የመዘግየት ወለድ ይቆጠራል። እኛ ዘንድ 56ቱ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ አንቺው ታውቂያለሽ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ሬንጁም ነዳጁም የማሽን መለዋወጫውም የት እንደደረሰ ላንቺ አልነግርሽም። ስለዚህ ሰውየው የዋጋ ማስተካከያ መጠየቃቸው በራሱ ነውር የለውም።

ግን አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። የምትሠሪው ሰው ሀብት አስተዳደር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይደውሉልሽ ነበር? በየትኛው ወር የዋጋ መለኪያ (ኢንዴክስ) ይሰላ የሚለው ብቻ ስንት ሚሊዮን ብር ወዲያና ወዲህ እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። እሳቸውም ያውቃሉ። ጥያቄው ያንቺ ጠረጴዛ ላይ እያለ የሥራ ግብዣ ማቅረብ፣ ሐሳባቸው ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ አንቺን ወጥመድ ውስጥ ይከትሻል። ብታጸድቂው «ለደሞዟ ነው» ይባላል። ብትቀንሺው ራስሽን ትጠራጠሪያለሽ፤ «ንጹሕ ለመምሰል ጎዳኋቸው ይሆን?» እያልሽ።

ሕጉም እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 «ጥቅም» የሚባለው ጥሬ ብር ብቻ አይደለም። ሥራና ቅጥርም ጥቅም ተብሎ ይቆጠራል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ አይደለም። ባለቤትሽ «የሥራ ዕድል እንጂ ጉቦ አይደለ» የሚል ከሆነ፣ ሁለቱን የሚለየው ድንበር እሱ ከሚያስበው በላይ ቀጭን መሆኑን እንዲያውቅ ነው።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? በስልክ ሳይሆን በአጭር መልእክት መልሺላቸው። «ለሰጡኝ ግምት አመሰግናለሁ፤ የድርጅትዎ ጉዳይ በእኔ በኩል እየታየ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ስለ ሥራ መነጋገር አልችልም» ብትያቸው ይበቃል። «ኋላ እናያለን» የምትለዋን ግን አትጨምሪ፤ እሷ ቀብድ ትመስላለች። ቀጥለሽ ለቅርብ አለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ግልባጩን ለመሥሪያ ቤትሽ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አድርጊ። ያን ፋይል ሌላ ሰው እንዲያየው ጠይቂ። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መጻፉ ይከብድሻል፤ «ራሷን ለማስመስገን ነው» የሚልሽም አይጠፋም። ይበሉሽ። ነገ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ፣ ቀን ያለበት ደብዳቤ ሲገኝና ሳይገኝ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

አሁን ወደ ሹመቱ።

ስለዚህ ሹመት የሚያሳስበኝ ወሩ ነው። ከአሥራ ሁለት ወርና ከጳጉሜን ሁሉ ተመርጦ ሰኔ 1! የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ እንደሚመለስ፣ ስለዚህም «በጀቱ ከሚቃጠል» በሚል ሩጫ ያልተጠናቀቀው ሁሉ ተጠናቀቀ ተብሎ ሰርተፊኬት እንደሚመጣ ያንቺ ክፍል ሰው ሁሉ ያውቃል። ያልተራገፈ ጠጠር ተራገፈ ይባላል። ያልገባ ዕቃ ገቢ ይደረጋል። የዓመቱን ፊርማ ግማሽ ያህል በዚያ ወር ሊፈርም የሚችል ሰው ተጠባባቂ ነው፤ ሥልጣኑ ሙሉ ያልሆነ፣ ኃላፊነቱ ግን ሙሉ የሆነ ሰው። ምክትሉ ክፉ አስበው ነው አልልም። ቢሯቸው ባዶ ሆኖባቸዋል፤ የሚያምኑት ሰው አንቺ ነሽ። ቢሆንም «ርክክቡስ?» ስትዪ ስልክ ማንሣታቸውን ከምስጋናው እኩል መዝኚው።

እዚህ ላይ አበው «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ያሉት በትክክል ይሠራል። ዋናው ኦዲተር ሲመጣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ነው የሚጠይቀው። ግኝቱ ደግሞ ዳይሬክተር በተቀየረ ቁጥር አይሰረዝም፤ «ያለፈው ዓመት ግኝት ያልታረመ» ተብሎ እንደገና ይጻፋል። መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። መልሱን ሰነድ ካልደገፈው «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ቃል ብዙ አያራምድም።

ስለዚህ ሹመቱን እንቢ አትበዪ። እሺም አትበዪ። በሁኔታ እሺ በዪ፤ ሁኔታውንም ጻፊው።

አንደኛው ነገር ቀኑ ነው። ኃላፊነቱን ከሐምሌ 1 ጀምሮ ብትረከቢ አሮጌው ዓመት በራሱ ሰዎች ይዘጋል፤ ያንቺ ፊርማ በአዲሱ ዓመት ይጀምራል። «ሰኔን ማን ይዝጋው ታዲያ?» ይሉሻል። ምክትል ዋና ዳይሬክተሩ ራሳቸው ይፈርሙ፤ አንቺ ዛሬ እንደምትሠሪው የቡድን መሪነትሽን ሠርተሽ ታቀርቢላቸዋለሽ። የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 ቢሆን የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ኃላፊ ከተጠያቂነት ነፃ አያደርግም፤ እንግዳ ነገር አልጠየቅሽም። የግድ ሰኔ ላይ ነው ካሉሽ፣ ቢያንስ ደብዳቤው ከየትኛው ቀን በፊት ያለው ሒሳብ ያንቺ እንዳልሆነ በግልጽ ይበል።

ሌላው ርክክቡ ነው፤ ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ግን ሰው ለራሱ ሲሆን ይረሳል። የውስጥ ኦዲት ባለበት ካዝናው ይቆጠር። የየባንኩ ሒሳብ ተመሳክሮ ልዩነቱ ይጻፍ። ያልተወራረደው ሒሳብ «ይህን ያህል ብር» ተብሎ በድምር አይሰጥሽ፤ በማን ስም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ሥራ እንደወጣ በዝርዝር ይሁን። ከብድርና ከዕርዳታ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱት ልዩ ሒሳቦች ለብቻቸው ይረከቡ። የቀድሞው ኃላፊ ሲስተሙ ላይ ያላቸው ፈቃድ መዘጋቱንና ባንክ ያለው የፈራሚዎች ዝርዝር መለወጡን አረጋግጪ። ይህቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ስንቱን ሰው አስለቅሳለች!

ከሁሉ በላይ ደግሞ የዋስትናዎቹን መዝገብ አስወጪ። በእኛ አገር የመንግሥት ግዥ ለተቋራጭ እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ሲሰጥ ቆይቷል። ያ ገንዘብ ከየሰርተፊኬቱ እየተቀነሰ ነው የሚመለሰው። ሥራው ሲጓተት ቅናሹም ይጓተታል፤ ለዚያ ገንዘብ መያዣ የሆነው የባንክ ዋስትና ቀን ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብለሽ በአንዱ ዓምድ ያልተመለሰውን ቅድሚያ ክፍያ፣ በሌላው የዋስትናውን ማብቂያ ቀን ብትጽፊ፣ የመሥሪያ ቤቱን እውነተኛ አደጋ ከኦዲት ሪፖርቱ ቀድመሽ ታዪዋለሽ። ጊዜው ያለፈበት ዋስትና ሦስት አራት ከተገኘ፣ ምክትሉ ጋ ይዘሽው የምትገቢው ወረቀት እሱ ነው። እሱን አይተው «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ካሉሽ፣ እኔ ብሆን እዚያው ላይ «ይቅርብኝ» እላለሁ።

ሦስተኛው የቃል ትዕዛዝ ነው። ዳይሬክተር ስትሆኚ «ክፈዪው፤ ደብዳቤው ይደርስሻል» የሚል ስልክ ይመጣል። አለመጣላት ትችያለሽ። ስልኩን ዘግተሽ ወዲያው «ዛሬ በቃል በሰጡኝ መመሪያ መሠረት» ብለሽ የምትጀምር ማስታወሻ ጻፊና ላኪላቸው። ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ እዚያው ላይ ይሞታል። ካልሞተም ማን እንዳዘዘ በወረቀት አለ። ነገሩ ከዚህ አልፎ ከባድ ወንጀል የሚሸት ከሆነ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። በተግባር ምን ያህል ከለላ እንደሚሆን ግን ሳትጀምሪ ጠበቃ አማክሪ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ አይገኝም። ዳይሬክተርነቱ ሀብት ማስመዝገብንም ያመጣል። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ነው፤ የባልሽም ንብረት ይገባበታል። እሱ ይህን ያውቃል? የግል ሥራ ስለሚሠራ ቀድመሽ ንገሪው።

ስለ ባለቤትሽ ካነሣን አይቀር፣ ያቺ ተረት አሳዝናሻለች። ልክ ነሽ። ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስትጠብቂ የኖርሽ ሰው፣ በገዛ ቤትሽ «ብዪ» የምትል ቃል መስማት ያማል። ግን ከተረቷ ሥር ያለውንም ስሚው። ገቢው አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም ብለሻል። ምናልባት የሚናገረው ስለ ሙስና ሳይሆን ስለ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል። ወንዶች «ፈርቻለሁ» ከማለት ተረት መተረት ይቀላቸዋል። ልጆቹ ሲተኙ «ያን ቀን ያልከው ቀልድ ነበር? ምን አስበህ ነው?» በዪው። ሳትቆጪ ጠይቂው። ከዚያ ወረቀት አውጡ። የመንግሥትን ቢሊዮኖች በዓምድ የምታሰፍሪ ሰው፣ የቤታችሁን በጀት ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? (የሒሳብ ሰዎች ቤት ሄጄ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ «አይ፣ በግምት ነው» የሚል ነው።) በወር ስንት እንደሚጎድላችሁ ቁጥሩ ከታወቀ፣ ጭቅጭቁ «የመንግሥት ወይስ የግል» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ያህል ብር ከየት እናምጣ» ይሆናል። ይህኛው መልስ አለው።

እናትሽም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጡረታው ሀብት ነው። ግን የግል ድርጅት ሠራተኞችም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የጡረታ ሕግ ስላላቸው፣ «ከመንግሥት ከወጣሽ ሁሉም ቀረ» የሚለው የድሮ ስጋት ነው። የአገልግሎት ዘመንሽ እንዴት እንደሚቆጠር የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሄደሽ በአካል ጠይቂ። በሰው ወሬ አትወስኚ።

ለዚህም ነው ጥያቄሽን «ልሾም ወይስ ልሂድ» ብለሽ ማሰርሽ ያሳሰበኝ። ሁለቱም ግብዣዎች ሰዎች በሚመቻቸው ቀን ይዘውልሽ የመጡ ናቸው። አንቺ የፈለግሽው የቱ ነው? ማንም ባይደውልልሽ ኖሮ ዘንድሮ ምን ታደርጊ ነበር?

የያዝሽው ዕውቀት ተፈላጊ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችም የግሎቹም ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት ማዘጋጀት ግድ ሆኖባቸዋል። ሰርተፊኬት፣ ዋስትና፣ የዋጋ ማስተካከያ፣ የውጭ ብድር ሒሳብ አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። በዓለም ባንክና በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች የፋይናንስ ባለሙያ በማስታወቂያ ይቀጥራሉ፤ ክፍያቸውም ከመደበኛው ይሻላል። የክፍያ መንገዱም፣ የጅቡቲው ባቡርም፣ የከተማ አውቶቡሱም ይህንኑ ሙያ ይፈልጋሉ። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና ጀምረሽ አቋርጠሽ ከሆነ የት እንደቆምሽ እዪ፤ ካልጀመርሽ በዲግሪሽ የትኞቹ ፈተናዎች እንደሚያልፉልሽ ጠይቂ። እንዲህ ያለ በር ማንም ጠረጴዛሽ ላይ ፋይል ሳያስቀምጥ የሚከፈት ነው፤ ከዚያ በኋላ «ለምን ሄደች?» የሚልሽ አይኖርም። ልክ የተቋራጩን ያህል ላይከፍልሽ ይችላል። ይህን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሪባኑ። ያልሽው እውነት ነው፤ ሪባን ስትቆርጥ የታየች ክፍያ አዘጋጅ የለችም። ግን እስቲ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውን የመንገድ ፈንድ አስቢው። በመንገዱ የሚጠቀም ሰው ነዳጅ ሲቀዳ ለጥገናው ትንሽ ይክፈል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዶዘር ሳይሆን ከሒሳብ ጠረጴዛ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ መስከረም 2008 ሲጀምር እኛ ባቡሩን አየን። ዕዳው በዶላር፣ ትኬቱ በብር መሆኑን ቀድሞ ያየው ያንቺ ሙያ ሰው ነው። ሲናገር ማን እንደሰማው ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን የምልሽ እንድትጽናኚ ብቻ አይደለም። ድካምሽ ከሥራው ነው ወይስ ሥራሽን የሚያይ አለቃ ከማጣት የሚለው ለውሳኔሽ ለውጥ ያመጣል። ሁለተኛው ከሆነ ዳይሬክተርነቱ ላይፈውሰው ይችላል፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ግን ሊፈውሰው ይችላል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሪ። ሰኞ ለተቋራጩ መልእክቱን ላኪ፤ በዚያው ቀን ማሳወቂያውን ለአለቃሽ ስጪ። ሳይዘገይ የሁኔታ ደብዳቤሽን ይዘሽ ምክትሉ ጋ ግቢ፤ ቀን አስይዘሽ፣ ተቀምጠሽ አነጋግሪያቸው፤ ኮሪደር ላይ አይሁን። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥሩን ያዢ። ሰነድ ፎቶ አንሥተሽ ወደ ቤት እንዳትወስጂ፤ ነገ እሱ ራሱ ክስ ይሆንብሻል። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በማስታወሻሽ መጻፍ ይበቃል። መልስ እስኪሰጡሽ ድረስ ደግሞ የተጠባባቂነት ደብዳቤ ቢመጣ እንኳ ዳይሬክተር ብለሽ አንዲትም ወረቀት አትፈርሚ።

አብረውሽ ስለሚሠሩት ልጆች የጠየቅሽው፦ ስለ ተቋራጩ ግብዣ አትንገሪያቸው፤ ወሬው ሰውየውንም ይጎዳል፣ ፋይሉንም ያበላሻል። ፋይሉን የሚረከብሽ ልጅ ግን «ለምን ወደ እኔ መጣ?» ማለቱ አይቀርም። «የጥቅም ግጭት ስላለብኝ አሳውቄ ነው፤ አንተ እንደ ሌላው ፋይል እየው፣ እኔን ምንም አትጠይቀኝ» በዪው። ስለ ሹመቱ ደብዳቤው ሲወጣ ይሰማሉ። እስከዚያው የሚወራውን እንዲያወሩት ተያቸው፤ እኛ አገር መሥሪያ ቤት ያለ ወሬ ሰኔን ዘግቶ አያውቅም።